አቶ ሳቢት፦ ጠዋት እምቢ፣ ከሰዓት እሺ

አቶ ሳቢትን በደንብ አላውቃቸውም። በኋላ «አጥናፉ በማያውቀው ሰው ላይ ጻፈ» እንዳልባል ይህን ቀድሜ ልናገር። እርግጥ በአንድ ጣሪያ ሥር ብዙ ዓመት ሠርተናል። የእሳቸውን ቢሮና የእኔን ጠረጴዛ የሚለየው አንድ ስስ የኮምፖንሳቶ ግድግዳ ነው፤ ሲያስሉ እሰማለሁ፣ ሲያዛጉም እሰማለሁ። ነገር ግን የሰው ሳል መስማት ሌላ፣ ሰውን ማወቅ ሌላ። ለማወቅ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ እኔ ደግሞ ሚኒባስ ውስጥ «ወራጅ አለ» ለማለት እንኳን ጉሮሮዬን ስጠርግ መውረጃዬ የሚያልፈኝ ሰው ነኝ።

ቢሆንም አንድ ነገር በድፍረት እላለሁ። ከቦርደዴ እስከ ሂርና ባለው አገር የማይሳሳት አለቃ የሌለበት መሥሪያ ቤት የለም። መብራት ያልገባበት መሥሪያ ቤት አይቻለሁ፤ ውሃ የሌለውም አይቻለሁ፤ የማይሳሳት አለቃ የጎደለበት ግን አላየሁም። አንባቢዬ፣ የእርስዎም አለ። ምናልባት ርዕሰ መምህር ነው፤ ምናልባት የመናኸሪያ ተራ አስከባሪ፤ ምናልባትም ቤትዎ ውስጥ አብሮዎት ይኖራል።

የእኛው አቶ ሳቢት ናቸው፤ በጭሮ ከተማ የሸማቾች ማህበራችን ክቡር ሥራ አስኪያጅ። ማህበሩ ዘይት፣ ስኳር፣ ዱቄትና ሳሙና እያመጣ በጭሮ፣ በሂርና፣ በቦርደዴና በመሰላ ባሉት ሱቆቹ ይሸጣል። እኔ የደብዳቤና የማስታወቂያ ጸሐፊ ነኝ። በር ላይ ተለጥፎ «ዘይት ገብቷል» የሚል አይታችሁ ከሆነ የእኔ ድርሰት ነው። በሕይወቴ ከጻፍኩት ሁሉ ብዙ አንባቢ ያገኘው እሱ ነው፤ ቀለሙ ሳይደርቅ ሰልፍ ይያዝለታል።

ክቡርነታቸው አንድ አባባል አላቸው፤ «ብዬ አልነበር?» የሚል። ጠዋት ሲገቡ ይሏታል፣ ሲወጡ ይሏታል፣ ስልክ ሲዘጉ ይሏታል። ባለፈው ዓመት «ዱቄት ይረክሳል፣ አሁን አንገዛም» ብለው ከለከሉ። ዱቄት ተወደደ። ኮታቸውን ሚስማር ላይ እየሰቀሉ «ብዬ አልነበር?» አሉ። ገንዘብ ያዣችን ወሰንየለሽ አፏ እንደ እኔ የታሰረ አይደለም።

«ምን ብለው ነበር ጋሼ?» አለቻቸው።

«ዱቄት አንድ ቦታ አይቆምም ብዬ።»

እውነት ነው፤ አልቆመም። እኔን የሚያንገበግበኝ ታዲያ ሰውየው የማይዋሹ መሆናቸው ነው። ቢዋሹ ይሻለኝ ነበር፤ ውሸታም አለቃ ቢያንስ እውነቱን ያውቀዋል። አቶ ሳቢት ግን ከልባቸው ነው የሚያስታውሱት። የሆነው ነገር ከሆነ በኋላ ወደ ኋላ ተመልሶ ጭንቅላታቸው ውስጥ ይገባና ቀድሞ የነበረውን አስነስቶ እሱ ይቀመጣል። ነባሩ ሀሳብ የት እንደሚሄድ አላውቅም።

ሰውንም በመጀመሪያ እይታ ነው የሚለዩት። ለሂርናው ሱቅ ጥበቃ ሲቀጠር ሁለት ሰዎች ቀረቡ። አንደኛው ጭቃ በነካው የላስቲክ ጫማ የመጣ፣ ዕድሜውን ሙሉ የእህል መጋዘን ሲጠብቅ የኖረ ነው። የሁለተኛው ጫማ እንደ መስታወት ያበራል። አቶ ሳቢት ሰውየው ገና ከበር ሲገባ ልባቸው ተነካ። «ለጫማው እንዲህ የሚጠነቀቅ ለሱቅማ እንዴት ይሆን» ብለው ፈረዱ። ሰውየው ተቀጠረ። በተረኛነቱ ሰዓት ሁሉ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ጫማውን ሲወለውል ፍየሎች በጀርባው በኩል እየገቡ የዱቄት ጆንያ ይቀድዳሉ። ወሬው ሲደርሳቸው ክቡርነታቸው ተቆጡ። «ፍየሎቹ የማን ናቸው?» አሉ። ጥፋቱ የፍየሎቹ ሆነ። ጥበቃው እስከ ዛሬ አለ፤ ጫማውም እስከ ዛሬ ያበራል።

የመኪናው ነገር ደግሞ አለ። በድሪ የጭነት መኪናችን ሹፌር ነው። አንድ ጊዜ ከሂርና ሲመለስ ዳገቱ ላይ ጉም ውስጥ ገብቶ መኪናው ተንሸራተተ። ሰው አልተጎዳም፤ ጥቂት ጄሪካን ዘይት ፈሰሰ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ክቡርነታቸው የመኪና ስምሪት የሚወስኑት በቢሮአቸው መስኮት ነው። ጠዋት መጋረጃ ገልጠው ጭሮ ላይ ጉም ካዩ መኪና ከግቢ አይወጣም። ጉዞው ወደ ቦርደዴ ቢሆንም አይወጣም፤ ቦርደዴ ቆላ ናት፣ ጉምን የምታውቀው በወሬ ነው። ጭሮ ጠርታ ዳገቱ በጉም ሲታፈን ግን «ይሄን የመሰለ ሰማይ እያለ ምን ትጠብቃለህ?» ብለው ይልኩታል። በድሪ «አለቃ፣ ጉሙ እኮ እዚያ ነው» ሲላቸው «ታዲያ እኔ የማየው ምንድን ነው?» ይላሉ። በድሪ ቁልፉን ጣቱ ላይ እያሽከረከረ ይወጣል። በእኔ ጠረጴዛ በኩል ሲያልፍ፣ «ወላሂ፣ አንድ ቀን መስኮቱን ነቅዬ ዳገቱ ላይ ነው የምተክለው» ይለኛል።

የቦርደዴውን ፍሪጅ ካነሳሁ ደሜ ከፍ ይላል፤ ቢሆንም ላንሳው። ቦርደዴ ሙቀት ስለሆነ ለስላሳና ቅቤ እናቀዘቅዛለን ተብሎ የበሬ ቁመት ያለው ፍሪጅ ተገዛ። የዚያ ሰፈር መብራት ደግሞ አምፖል ለማብራት ራሱ የሚያቃስት ነው። ፍሪጁ ያጉረመርማል እንጂ አያቀዘቅዝም። ሞተሩ ተለወጠ፤ አላቀዘቀዘም። ኃይል መቆጣጠሪያ ተገዛለት፤ አላቀዘቀዘም። ከሩቅ አገር ባለሙያ መጣለት፤ እሱም ላቡን እየጠረገ ሄደ። ሽጠን እንገላገል ሲባሉ «ይህን ሁሉ ከደከምንበት በኋላ?» ይላሉ። የሚደክሙበትም ቀድሞ ስለደከሙበት ነው። ዛሬ ፍሪጁ ስኳር ከጉንዳን ይጠበቅበታል። ክቡርነታቸው ለእንግዳ ሲያስጎበኙ በሩን ከፍተው፣ «አንዲት ጉንዳን አታይም» ይላሉ። እንግዳው ያደንቃል።

ይህ ሁሉ የእሳቸው ብቻ እንዳልሆነ ያወቅሁት አንድ ቀን ለሥራ አስኪያጆች ሥልጠና በተሰጠ ጊዜ ነው። እኔ አስራ ሁለተኛን ጨርሼ የቀረሁ ነኝ፤ የተጠራሁትም ለመሠልጠን ሳይሆን ወረቀት ለማደል ነው። አሠልጣኙ ወጣት ነው፤ ቀስ ብሎ ይናገራል። የሰው አእምሮ ቀድሞ ያመነውን የሚደግፍለትን ብቻ እየለቀመ ሌላውን እንደሚጥል አስረዳ። በአንድ መልካም ነገር ተነስተን ሰውን ሁሉ ነገሩ መልካም እንደምናደርገው፣ አንድ ያስደነገጠንን አደጋ በየቦታው እንደምናይ፣ በከሰረ ነገር ላይ ስለከሰረ ብቻ ሌላ እንደምንጨምር ተናገረ። እኔ ጥግ ላይ ቆሜ ላብ አጠመቀኝ። ስለ እኛ መሥሪያ ቤት ማን ነገረው አልኩ። አቶ ሳቢትን በስርቆት አየኋቸው። ራሳቸውን በኃይል እየነቀነቁ ነው፤ ፊታቸው በርቷል። ገባቸው ብዬ ልቤ ዘለለ።

ሲወጡ ትከሻዬን ያዙኝና «ሰማኸው? ቁርጥ ወሰንየለሽን አይደለም?» አሉኝ። ትንሽ ሄድ ብለውም «ይሄን ሥልጠና ሠራተኞቼ ይውሰዱ ብዬ አልነበር?» አሉ።

እንግዲህ ከእንዲህ ያለ ሰው ጋር እንዴት ይሠራል? እኛም ዘዴ አገኘን፤ ወይም ያገኘን መሰለን። ያገኘችው ወሰንየለሽ ናት። አቶ ሳቢት ጠዋት እምቢ ያሉትን ከሰዓት እሺ እንደሚሉ አስተዋለች። ጠዋት በድሪ ጎማ ይቀየርልኝ ሲል «ያለው ጎማ ምን ሆነ?» ይሉታል። ከሰዓት በኋላ ራሳቸው ጠርተው «ጎማ ቀይር ብዬህ አልነበር?» ይላሉ። ለእኔ የዓመት ፈቃድም እንዲሁ ሆነ። ምክንያቱን ለማግኘት የጭሮ ሰው ሩቅ አይሄድም። በየቀኑ ከምሳ ሲመለሱ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ጫት በፌስታል ይዘው ይመጣሉ፤ ጠረጴዛው ጥግ ላይ ያኖሩታል። ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ደግሞ ግራ ጉንጫቸው ነፋ ይላል። ነገሩ ግልጽ ነው አልን። ጠዋት ሐራራ ነው፤ ጫት ያልቀመሰ የጫት ሰው ለእናቱም እሺ አይልም። ከሰዓት ምርቃና ነው፤ የመረቀነ ሰው ዓለም ሁሉ ዘመዱ ናት። በድሪ ይህን ሕግ አደረገው፤ «ከዘጠኝ በፊት አለቃ ቢሮ የሚገባ ሹፌር መንጃ ፈቃዱ ይነጠቅ» አለ። ሁላችንም ጉዳያችንን ለዘጠኝ ሰዓት እያቆየን ብዙ ዓመት በሰላም ኖርን።

የመሰላን ነገር ግን ምርቃናም አልረታውም።

የመሰላውን ሱቅ የምትይዘው ሀኒፋ ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ሁለት ሴት ልጆቿን የምታሳድገው በዚያ ሱቅ ደመወዝ ነው። የአካባቢው ሴቶችም ዘይትና ሳሙና በደህና ዋጋ የሚያገኙት እሷ ዘንድ ነው፤ እሷ ከሌለች ጄሪካናቸውን ይዘው ሌላ ከተማ ነው የሚሳፈሩት፤ በዋጋ ያተረፉትን መሳፈሪያ ይበላዋል። አቶ ሳቢት መሰላን አንድ ቀን ሳይነግሯት ሄደው አዩ። የሄዱት ገበያ በማይውልበት ቀን፣ ለዚያውም የእርሻ ሥራ በተፋፋመበት ወቅት ነው። መሰላን የሚያውቅ ሰው በዚያ ቀን መንገዱ ላይ ዶሮ ካገኘ ዕድለኛ ነው። ሱቁ ውስጥ ሀኒፋ ብቻዋን መደርደሪያ ስትወለውል አገኟት። ዞር ዞር ብለው አይተው ወጡ። ጭሮ ሲደርሱ ፈርደው ነበር፤ «መሰላ ሱቅ አይደለም፣ የሙት ቤት ነው። ይዘጋል።»

ከዚያ በኋላ ማን ይመልሳቸው። የመሰላ ሽያጭ አንድ ወር ዝቅ ሲል «ብዬ አልነበር?» አሉ። በተከታዩ ወር ከቦርደዴ በልጦ ሲመጣ «ይሄ የአንድ ወር ነገር ነው» አሉ። በሦስተኛውም ሲበልጥ «ወሰንየለሽ፣ ድምርሽን እዪው» አሉ። ገበያ በማይውልበት ቀን ነው የሄዱት ብላ ስትነግራቸው ደግሞ «ጥሩ ሱቅ ገበያን አይጠብቅም፣ ገበያው ራሱ ይመጣለታል» ብለው አስደነቋት። ይህን ጠዋትም አሉ፣ በዘጠኝ ሰዓትም አሉ፣ ጉንጫቸው ነፍቶም አሉ።

ሀኒፋ ትደውልልኛለች። ለምን ለእኔ እንደምትደውል አላውቅም፤ ምናልባት የማላቋርጣት እኔ ስለሆንኩ ነው። መጀመሪያ ትቀልድ ነበር። «አጥናፉ አቦ፣ ያ አለቃህ መጥቶ ‹ሰው የለም› አለኝ። እሱ ራሱ ሰው አይደል እንዴ? ገብቶ አንዲት ከረሜላ እንኳን ሳይገዛ ወጣ» ትለኛለች። በኋላ በኋላ ቀልዱ ቀረ። የቦርዱ ስብሰባ ሲቃረብ የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ «ዕቃዬን ልጠቅልል ወይስ ልጠብቅ?» እኔም «ኢንሻ አላህ» እላታለሁ። ለክርስቲያን ሰው ይህ ቃል ምን ያህል መሸሸጊያ እንደሆነ እሷም ታውቃለች።

ቦርዱ ሊሰበሰብ አንድ ቀን ሲቀረው ሦስታችን ተማከርን። ማስረጃ እንደማይሠራ ገብቶናል። ስለዚህ በራሳቸው መንገድ እንምጣባቸው አልን። በዘጠኝ ሰዓት አብረን እንገባለን፤ ወሰንየለሽ «መሰላን በገበያ ቀን ማየት ያስፈልጋል ብለው አልነበር?» ትላቸዋለች፤ በድሪ «ብለዋል፣ ሰምቻለሁ» ይላል፤ እኔ ራሴን እነቀንቃለሁ። የተሰጠኝ ሥራ ከአቅሜ በላይ አይደለም። ይሁንና ዘጠኝ ሰዓት ሆነ፤ አቶ ሳቢት የሉም። አባታቸውን አሟቸው ከምሳ አልተመለሱም ተባለ።

«አንተ ቤታቸው ሂድ» አለችኝ ወሰንየለሽ።

«ለምን እኔ?»

«አንተን ሲያዩ አይቆጡም። አንተን ማንም አይቆጣም።»

ይህ ሙገሳ ይሁን ስድብ እያሰብኩ ሳለ በድሪ በሩን ከፈተልኝ። «አሁን ቤቱ ሆኖ ምርቃናው ላይ ነው። ከዚህ የተሻለ ሰዓት በሕይወትህ አታገኝም። ሂድ አቦ» አለኝ።

ሄድኩ። መንገዱን ሁሉ የምናገረውን ስለማመድ አንድ ባጃጅ ሊገጨኝ ነበር። የቆርቆሮውን በር ሳንኳኳ ከውስጥ ዱም ዱም የሚል ድምፅ ይሰማል። «ግባ» ተባልኩ። ገባሁ፤ ወዲያውም ተሳስቼ ሌላ ቤት የገባሁ መሰለኝ። ክቡር ሥራ አስኪያጃችን በሽርጥና በካናቴራ፣ በባዶ እግራቸው፣ ትንሽዬ በርጩማ ላይ ተቀምጠው በሙቀጫ ይወቅጣሉ። በዓመታት ውስጥ ያለ ኮት አይቻቸው አላውቅም። አጠገባቸው ፍራሽ ላይ አንድ ሽማግሌ ትራስ ደገፍ ብለዋል። መሬት ላይ ያ ከኮባ ቅጠሉ ጋር የማውቀው ፌስታል አለ፤ ባዶ ነው። ጫቱ ያለው ሙቀጫው ውስጥ ነው።

ጥርስ የሌላቸው ሽማግሌዎች ጫቱ ተወቅጦላቸው እንደሚይዙ ማንኛውም የሐረርጌ ልጅ ያውቃል፤ እኔም አውቃለሁ። አቶ ሳቢት በማንኪያ ጭልፍ አድርገው ለአባታቸው ሰጡ፤ የአባታቸውን አገጭ በእጃቸው ጠረጉ።

«ይሄ ማነው?» አሉ ሽማግሌው፣ ሀጂ ጂብሪል።

«የቢሮ ልጅ ነው አባ። አጥናፉ ነው።»

«ያ የማይናገረው?»

ስለ እኔ በዚያ ቤት እንደሚወራ አላውቅም ነበር። ጆሮዬ ጋለ። ሀጂ ጂብሪል ቁጭ በል ብለው ወደ ሙቀጫው አመለከቱኝ፤ እንድቀምስ ነው። «ጋሼስ?» አልኩ፣ ወደ አቶ ሳቢት ዞሬ።

«እኔ ከተውኩ ስንት ዘመኔ። ጨጓራ መቼ ይፈቅዳል።»

«ታዲያ ከሰዓት ከሰዓት ጉንጭዎ…» አልኩ። ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የሰማሁት።

አቶ ሳቢት ግራ ተጋብተው አዩኝ። ከዚያ አፋቸው ውስጥ የነበረውን ነገር በምላሳቸው ወደ ጥርሳቸው ገፋ አድርገው አሳዩኝ። ከረሜላ ነው። ከሰዓት ሲሆን አፋቸው እንደሚደርቅና እሱን እንደሚመጥጡ ነገሩኝ። ያ ሁላችንም የተገዛንለት፣ በድሪ ሕግ ያወጣለት፣ የእኔን የዓመት ፈቃድ ያስፈቀደ ታላቅ ምርቃና ከረሜላ ነበር። ፌስታሉን አየን፣ ጉንጩን አየን፣ ቀሪውን ራሳችን ሞላነው። ያ ወጣት አሠልጣኝ ትዝ አለኝና ፊቴን የማኖርበት አጣሁ።

ከዚህ በላይ የማፍርበት ነገር ስላልቀረኝ ይመስለኛል፣ የመጣሁበትን ተናገርኩ። የተለማመድኩትን ተንኮል ረሳሁት። ገበያ በሌለበት ቀን ሄደው እንዳዩ፣ ሀኒፋ ዕቃዋን ልጠቅልል ወይ እያለች እንደምትጠይቀኝ፣ ልጆች እንዳሏት፣ ነገ ቦርዱ እሳቸው ያሉትን ብቻ እንደሚሰማ ነገርኳቸው። በሕይወቴ ሳላቋርጥ እንዲህ ረጅም ነገር ተናግሬ አላውቅም። አቶ ሳቢት ቀና አላሉም፤ ይወቅጣሉ።

«የቷ መሰላ?» አሉ ሀጂ ጂብሪል። «ያቺ ሰሞኑን የሄድንባት?»

«አባ፣ ይተዉት።»

«ለቅሶ አለ ብሎ ወሰደኝ» አሉኝ ሽማግሌው፣ ልጃቸውን ትተው ወደ እኔ ዞረው። «የማን ለቅሶ እንደሆነ እስከ ዛሬ አልነገረኝም። ገበያው ይተራመሳል። መኪና ውስጥ አስቀምጦኝ አንድ ሱቅ ያያል። ሴቱ ይገባል፣ ሴቱ ይወጣል፤ እሱ ያያል። ፀሐይ በላኝ። ኋላ ‹አባ፣ ይግቡና የሆነ ነገር ይግዙ፣ ልጅቷ እርስዎን አታውቅዎትም› አለኝ። ገባሁ። ጎበዝ ልጅ ናት፤ ወንበር ሰጠችኝ፣ ከሰልፉ አስቀድማ ሸጠችልኝ። ከረሜላ ገዛሁ። ጥርስ ለሌለው ሰው ከረሜላ። ለእሱው ሰጠሁት።» ድዳቸውን ገልጠው ሳቁ።

አቶ ሳቢት ዘነዘናውን አቆሙ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ በግድግዳው በኩል የማውቀው፣ የቢሮው ድምፅ ተመለሰ።

«መሰላ በገበያ ቀኗ ነው መታየት ያለባት። እኔ ከመጀመሪያውም ብዬ ነበር» አሉ። «ብዬ አልነበር?»

አላሉም። አንድም ቀን አላሉም። በግድግዳው በኩል የሚያስሉትን እንኳን የማውቅ ሰው ይህን ባውቅ አይገርምም። ነገር ግን ዓይኔ ላይ ሀኒፋ መጣችብኝ።

«ብለው ነበር ጋሼ» አልኩ።

«እንግዲያው ነገ ለቦርዱ የምናገረው ይህንኑ ነው። ሱቁ ባለበት ይቀጥላል። ልጅቷ ምን ሆና ነው ዕቃ የምትጠቀልለው? ማነው ያስፈራራት?»

«ይሄ ልጅ ከድሮም እንዲህ ነው» አሉ ሀጂ ጂብሪል። «ልጅ ሆኖ አህያችንን ‹ሰነፍ ናት፣ እንሽጣት› ብሎ አላስቀምጥ አለኝ። አንድ ቀን ብቻውን በረት ገብቶ ኮቴዋ ሥር እሾህ አገኘ። ነቀለላት። ከዚያ ወጥቶ ‹ጎበዝ ናት ብዬ አልነበር?› አለኝ። በረት ሲገባ ያየሁት አልመሰለውም።»

አቶ ሳቢት እንዳልሰሙ ሆነው ሙቀጫው ጠርዝ ላይ የቀረውን ቅጠል በጣታቸው ያራግፋሉ። እኔ ግን ስለ ምሳ ሰዓት እያሰብኩ ነበር። ከጠዋቱ እምቢ እስከ ከሰዓቱ እሺ ድረስ ያለችውን ያቺን ሰዓት እኛ ለጫት ሰጥተናት ኖርን። ሰውየው ግን በዚያች ሰዓት ለአባታቸው ጫት ሊገዙ ብቻቸውን በእግራቸው ይሄዱና ይመለሱ ነበር። ስንት ጎማ፣ ስንት የዓመት ፈቃድ፣ ስንት እሾህ በዚያ መንገድ ላይ እንደተነቀለ ማን ያውቃል። የተናደድኩባቸውን ዓመታት አሰብኩ፤ ንዴቱ አልጠፋም፣ ፍሪጁም አሁን ድረስ ያንገበግበኛል። ብቻ ባዶ እግራቸውን እያየሁ ሰውየውን ወደድኳቸው።

እንግዲህ አንድ ጊዜ አፌ ተከፍቷልና፣ ቆሜ ልወጣ ስል ጠየቅኋቸው።

«ጋሼ፣ ሀሳብዎን የለወጡት ያን ዕለት መሰላ ላይ ነው?»

አቶ ሳቢት አዩኝ። ከሽርጣቸው እጥፋት አንዲት ከረሜላ አውጥተው መዳፌ ላይ አኖሩ። ከዚያ ሙቀጫውን ወደ ጉልበታቸው ሳብ አድርገው መውቀጥ ጀመሩ።